«የፕሮቲን ዝውውር አልተሳካም» ማለት ምን ማለት ነው?

በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ለይቶ፣ ሜምብሬን ወደሚባል ስስ ሉህ በኤሌክትሪክ አሻግሮ፣ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ የማግኘት ዘዴ) መጨረሻ ላይ ባንድ፣ ማለትም ፕሮቲኑን የሚያሳየው መስመር፣ በጠፋ ቁጥር «ዝውውሩ ከሽፏል» የሚለው ፍርድ በጣም በዝቷል፤ ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ተናግሮ፣ መፍትሔው ቮልቴጅ መጨመር ነው ሲል በሙሉ ልብ መክሯል። ዝውውር አልተሳካም የሚባለው ግን ፕሮቲኑ ከጄሉ ወደ ሜምብሬኑ ሳይሻገር ወይም ተሻግሮ እዚያ ሳይያዝ ሲቀር ብቻ ነው።

ነገሩ መንገደኛን በጀልባ ወንዝ እንደማሻገር ነው። መንገደኛው ማዶ አልተገኘም ማለት ጀልባው አልተንቀሳቀሰም ማለት አይደለም። በመነሻው ዳር ቀርቶ ይሆናል፤ ማለትም ፕሮቲኑ ገና ጄሉ ውስጥ ነው። ማዶ ደርሶ ሳያርፍ አልፎ ሄዶ ይሆናል፤ ትንንሽ ፕሮቲኖች በሜምብሬኑ ቀዳዳ የሚያመልጡት እንዲህ ነው። ጀልባው ወደ ኋላ ተቀዝፎም ይሆናል፤ ኤስዲኤስ የተባለው ሳሙና መሰል ኬሚካል ፕሮቲኑን አሉታዊ ስለሚያደርገው ሜምብሬኑ በአኖድ (በአዎንታዊው ኤሌክትሮድ) በኩል ካልሆነ ጉዞው ወደ በፈሩ፣ ማለትም ዝውውሩ ወደሚካሄድበት ፈሳሽ፣ ነው። ከቤቱም አልወጣ ይሆናል፤ ናሙናው ውስጥ ፕሮቲኑ የለም። ወይም ደግሞ ማዶ ቆሞ ሳለ እንዲቀበለው የተላከው ሰው አላወቀው ይሆናል፤ ይህ የመጨረሻው ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዘው የአንቲቦዲ ጉዳይ ስለሆነ ቮልቴጅ አይፈታውም።

እነዚህን ለመለየት ብሎኪንግ (የሜምብሬኑን ባዶ ቦታ አንቲቦዲ እንዳይጣበቅበት መሸፈን) ከመጀመሩ በፊት ሜምብሬኑን ፖንሶ ኤስ በተባለ ቀይ የፕሮቲን ቀለም፣ የቀረውን ጄል ደግሞ ኩማሲ በተባለ ሰማያዊ ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ሜምብሬኑ ቀልቶ ጄሉ ባዶ ከሆነ መሻገሩ በአብዛኛው ደህና ነው። ጄሉ ሞልቶ ሜምብሬኑ ባዶ ከሆነ የጄሉንና የሜምብሬኑን መነካካት፣ የኤሌክትሪክ ጅረቱንና ጊዜውን መመርመር ይገባል፤ ክብ ክብ ነጭ ቦታዎች ከታዩ በመካከል የአየር አረፋ ነበረ ማለት ነው። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ሳንዱዊቹ (የጄሉና የሜምብሬኑ ድርድር) ተገልብጦ እንደሆነ ይጠርጠር። ፖንሶ ግን ብዛት ያለውን ፕሮቲን እንጂ በጥቂቱ የሚገኘውን አያሳይም።

ይኸው አስተያየት ሰጪ «ማርከሩ (መጠናቸው የታወቀ ባለቀለም ፕሮቲኖች ድብልቅ) ስለታየ ዝውውሩ ተሳክቷል» ማለቱም አያስኬድም። የማርከሩ 25 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን መጠን መለኪያ) ባንድ ተሻግሮ 250ው ጄሉ ውስጥ ሊቀር ይችላልና። የቮልቴጁ ምክር የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፤ ለትልልቅ ፕሮቲኖች በበፈሩ ውስጥ ያለውን ሜታኖል መቀነስ፣ እስከ 0.1 በመቶ ኤስዲኤስ መጨመርና በቅዝቃዜ ሌሊቱን በዝግታ ማሻገር ሲረዳ፣ ለትንንሾቹ 0.2 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው ሜምብሬን፣ 20 በመቶ ሜታኖልና አጭር ጊዜ ይሻላል። የሚያመልጥ ፕሮቲን ላይ ቮልቴጅ የጨመረ ሰው ማምለጡን ያፋጥናል።

ፒቪዲኤፍ የተባለው የሜምብሬን ዓይነት አስቀድሞ በሜታኖል መራስ እንዳለበት፣ ለዝውውር የሚውለው የትሪስ-ግላይሲን በፈርም ፒኤች (የአሲድነት መጠን) በአሲድ መስተካከል እንደሌለበት መናገር ያስፈልጋል፤ የተጨመረው አሲድ አዮን በማብዛት ጅረቱንና ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል። የሕዋስ ሽፋንን ደጋግመው የሚያቋርጡ ፕሮቲኖች ደግሞ በ95 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቁ ተጣብቀው ጄሉ አናት ላይ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ይህም ዝውውር ተብሎ ቢወቀስም ዝውውሩ ከመጀመሩ በፊት የተፈጠረ ችግር ነው።