ካቪዮሞርፍ ምንድን ነው?

ካቪዮሞርፍ ማለት ጊኒ ፒግን፣ ቺንቺላን፣ ካፒባራንና በዛፍ ላይ የሚኖሩትን የአሜሪካ ጃርቶች ጨምሮ በደቡብ አሜሪካ የተስፋፋው የአይጥ ወገን ቅርንጫፍ የሚጠራበት ስም ነው። መልካቸው እንዲህ የተራራቀ እንስሳት መዛመዳቸውን በመጀመሪያ የሚያስታውቀው የራስ ቅላቸው ነው። ከዓይናቸው ጉድጓድ ፊት ሰፊ ቀዳዳ አለ፤ ከማኘኪያ ጡንቻዎች የአንዱ ክፍል በዚህ ቀዳዳ ሾልኮ ከአፍንጫ ጎን ካለው አጥንት ጋር ይያያዛል። የታችኛው መንጋጭላ የኋላ ማዕዘንም ከፊት ጥርሱ መስመር ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው። የአገራችንን ጃርት የራስ ቅል አገላብጦ የተመለከተ ሰው ሁለቱንም ምልክቶች ያገኛቸዋል፤ መመሳሰሉም እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ደቡብ አሜሪካ በጥንቱ ዘመን በውቅያኖስ የተከበበች ምድር ስለነበረች፣ እነዚህ እንስሳት ከየት መጡ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። ከቅሪተ አካል ተመራማሪዎች አሜሪካዊው አልበርት ውድ ከሰሜን አሜሪካ እንደመጡ ሲሟገት፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ላቮካ መነሻቸው አፍሪካ ነው ይል ነበር። የዛሬዎቹ የዘረመልና የጥርስ ማስረጃዎች የሚደግፉት ላቮካን ነው፤ አትላንቲክ ከዛሬው ይጠብ በነበረበት ጊዜ፣ ጎርፍ ገንጥሎ በወሰደው የዕፅዋት ክምር ላይ ተሳፍረው ሳይሻገሩ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2012 በፔሩ አማዞን ከኮንታማና አካባቢ ይፋ የተደረጉት የእነዚህ እንስሳት ጥቃቅን ጥርሶች ዕድሜያቸው ወደ 41 ሚሊዮን ዓመት ስለሚገመት፣ መሻገሩ ከዚያ ቀድሞ መሆን አለበት።

ከአጥንት ይልቅ ጥርስ በብዛት የሚገኘው ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው በመሆኑ ነው። የቀደሙት ካቪዮሞርፎች የመንጋጋ ጥርስ አጭርና ሥር ያለው ሲሆን በላዩ ላይ የኢናሜል ሸንተረሮች ይታያሉ። በኋላ ዘመን ሣርና በአቧራ የተሸፈነ ተክል የሚግጡት ወገኖች ግን ጥርሳቸው እየረዘመ ሄዶ፣ እንደ ጊኒ ፒግ ባሉት ዘንድ ሥር አልባ ሆኖ ዕድሜ ልክ የሚያድግ ሆኗል፤ የሚያልቀውን ያህል ከሥር ይተካል።

ሆኖም ጥርስ ያሳስታል። ፍሎሬንቲኖ አሜጊኖን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች በአርጀንቲና ባገኟቸው ጥርሶች ላይ ተመሥርተው ለጥንት ካፒባራዎች ብዙ የዝርያ ስም አወጡ፤ ካፒባራ ሲያድግ የጥርሱ ቅርጽ ስለሚለወጥ ግን ከስሞቹ በርካቶቹ የአንድ ዝርያ ግልገልና ጎልማሳ ሆነው ተገኝተዋል።

የራስ ቅልም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተነበበ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተገለጸው የኡራጓዩ ሆሴፎአርቲጋሲያ ሞኔሲ የተባለ የጠፋ ግዙፍ ካቪዮሞርፍ የሚታወቀው 53 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም የራስ ቅል ሲሆን፣ በወቅቱ ክብደቱ 1,000 ኪሎ ግራም ገደማ ተብሎ ነበር። ግምቱ የተሠራው በሕይወት ባሉት እጅግ ያነሱ ዘመዶቹ የራስ ቅል ልኬት ላይ ስለነበር፣ እኔ ከመጀመሪያውም የሚያጠራጥር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የራስ ቅሉ ከአንገት አጥንት ጋር የሚገጥምበት ጉብታ ስፋት ተለክቶ ግምቱ ወደ 480 ኪሎ ግራም ወረደ። ይህም ቢሆን የደለበ በሬ የሚያህል አይጥ ነው።