ሳናውቅ የምናዳላውን የሚለካው ፈተና

«እኔ ሰው አላበላልጥም» የማይል ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ከልቡ ነው የሚለው። ግን አእምሯችን ሳያማክረን የሚያቆራኛቸው ነገሮች አሉ። እነሱን ለማየት ከተሠሩት ፈተናዎች በጣም የታወቀው «ኢምፕሊሲት አሶሲዬሽን ቴስት» (የስውር ቁርኝት ፈተና)፣ በአጭሩ «አይኤቲ»፣ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንቶኒ ግሪንዋልድና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ አደረጉት። በዚያው ዓመት ግሪንዋልድ ከሌሎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከማህዛሪን ባናጂና ከብራያን ኖሴክ ጋር «ፕሮጀክት ኢምፕሊሲት»ን መሠረተ። ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ በነፃ ራሱን ይፈትናል። የዘር፣ የፆታ፣ የክብደት፣ የዕድሜ ፈተናዎች አሉ።

የዕድሜውን እንውሰድ። ስክሪኑ ላይ የወጣቶችና የአረጋውያን ፊት፣ ከጥሩና ከመጥፎ ቃላት ጋር እየተቀላቀለ ይመጣል። በአንዱ ዙር ለወጣትና ለጥሩ ቃል አንድ ቁልፍ፣ ለአረጋዊና ለመጥፎ ቃል ሌላ ቁልፍ ትጫናላችሁ። በሌላው ዙር ጥምረቱ ይገለበጣል። ኮምፒውተሩ ፍጥነታችሁን በሚሊሰከንድ ይለካል። አረጋዊና ጥሩ ቃል አንድ ቁልፍ ሲጋሩ ጣታችሁ ከዘገየ፣ «ወጣት» እና «ጥሩ» በውስጣችሁ ይበልጥ ተቆራኝተዋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይዘገያል፤ አረጋውያኑ ራሳቸው ጭምር። ለታላቅ ከወንበር እየተነሳን ላደግን ሰዎች ከሁሉም የሚያስቆዝመው ይህኛው ይመስለኛል።

ከፈተናው ጋር ስለ አመለካከታችሁ በግልጽ የሚጠይቁ መጠይቆችም አሉ። እንደ እኔ ትልቁ ጥቅም እዚያ ነው፦ አፋችን ባለውና ጣታችን ባደረገው መካከል ያለውን ልዩነት ቁጭ ብሎ ማየት።

ውጤቱን ግን እንደ ፍርድ መውሰድ ስህተት ነው። ያው ሰው በሌላ ቀን ቢፈተን ሌላ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን የደመረ ትንተና ፈተናው ድርጊትን የመተንበይ አቅሙ ደካማ ነው ብሏል። ሠሪዎቹም ቢሆኑ ማን እንደሚያዳላ ለመለየት እንዲውል አይመክሩም።

ቁርኝቱን ማላቀቅስ ይቻላል? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በዘር አድልዎ ላይ 9 ዘዴዎችን ሞከረ። ሁሉም ወዲያው ሠሩ። ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ግን የአንዳቸውም ውጤት አልዘለቀም። ባናጂና ግሪንዋልድም ቢሆኑ የሚሻለው አድልዎው መግቢያ እንዲያጣ አሠራርን ማስተካከል ነው ይላሉ። ለምሳሌ ሥራ አመልካቾች ሲገመገሙ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን መሸፈን፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ፣ መመዘኛውንም ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት መወሰን።