ሂዴኪ ማትሱያማ፦ ከአውጉስታው እሑድ የሚሰፋ የሙያ ታሪክ

ሂዴኪ ማትሱያማ በ2021 ኤፕሪል ወር፣ በአሜሪካዋ አውጉስታ የሚካሄደውን የማስተርስን ውድድር ያሸነፈ ጃፓናዊ ፕሮፌሽናል ጎልፍ ተጫዋች ነው። ከጃፓን ወንዶች መካከል ከአራቱ ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች አንዱን በማሸነፍ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ስሙም ሁልጊዜ ከዚያ የአውጉስታ እሑድ ጋር ይነሣል። ነገር ግን የውጤት ሰሌዳዎቹን በጥሞና ለተመለከተ ሰው፣ ያ ቀን ከማትሱያማ ምርጥ ቀናት ተርታ አይገባም። የተጫዋቹን ትክክለኛ መጠን የሚያሳዩት በሌሎች ሜዳዎች ላይ የተጫወታቸው፣ ከአገሩ ውጭ ብዙም የማይወሱ ዙሮች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማትሱያማ የተወለደው በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1992 ሲሆን የትውልድ ከተማው በሺኮኩ ደሴት፣ በኤሂሜ አውራጃ የምትገኘውና ስሟ ከቤተሰቡ ስም ጋር የገጠመው ማትሱያማ ናት። የጎልፍ ዱላ ያስያዘው በአራት ዓመቱ አባቱ ነበር። ለትምህርትም ለስፖርትም ብሎ ወደ ጎረቤቱ የኮቺ አውራጃ ተዛውሮ በሜይቶኩ ጊጁኩ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም በሰንዳይ ከተማ ወደሚገኘው ቶሆኩ ፉኩሺ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በ2010 በካሱሚጋሴኪ ሜዳ የተካሄደውን የእስያ አማተር ሻምፒዮና አሸነፈ። የዚህ ውድድር ሽልማት ዋንጫ ብቻ ሳይሆን በማስተርስ የመሳተፍ ግብዣም ነው። ግብዣው ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በማርች 11 ቀን 2011 የመሬት መንቀጥቀጡና ሱናሚው ሰንዳይንና አካባቢዋን መታ። ማትሱያማ በዚያን ሰዓት ልምምድ ላይ አውስትራሊያ ነበር። ተመልሶ የከተማዋን ሁኔታ ካየ በኋላ ወደ አሜሪካ መሄዱ ተገቢ መሆኑን ተጠራጥሮ ነበር፤ የአካባቢው ሰዎች ግን እንዲሄድ አበረታቱት። ሄደና ከአማተሮቹ መካከል ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ያለፈ ብቸኛው ተጫዋች ሆነ፤ በአጠቃላይም በ27ኛ ደረጃ ጨረሰ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ገና ተማሪ ሳለ የታይሄዮ ማስተርስን፣ ማለትም የጃፓን ፕሮፌሽናሎች የሚወዳደሩበትን ውድድር፣ አሸነፈ።

በ2013 ኤፕሪል ፕሮፌሽናል ሆነና በፕሮፌሽናልነት የተጫወተውን ሁለተኛ ውድድር አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ከ200 ሚሊዮን የን በላይ አግኝቶ የጃፓን ቱር (የአገሪቱ ተከታታይ የፕሮፌሽናል ውድድሮች) የገቢ ሰንጠረዥ መሪ ነበር፤ በመጀመሪያ ዓመቱ ይህን ያደረገ ሌላ ተጫዋች ከእሱ በፊት አልነበረም።

የጃፓን ወንዶች ጎልፍ ግን በአገር ውስጥ ድል ተቸግሮ አያውቅም። ጃምቦ ኦዛኪ በጃፓን ቱር 94 ጊዜ አሸንፏል፤ በውጭ አገር ግን ያን ያህል አልቀናውም። ኢሳኦ አኦኪ በ1980 የአሜሪካ ኦፕን ለጃክ ኒክላውስ ተሸንፎ ሁለተኛ ሆነ፤ በ1983 በሃዋይ አሸንፎ በፒጂኤ ቱር፣ ማለትም በአሜሪካው ተከታታይ የፕሮፌሽናል ውድድር፣ ለድል የበቃ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ቢሆንም የታላላቆቹ ውድድሮች ዋንጫ እንዳመለጠው ቀረ። ሴቶቹ ቀድመዋቸዋል፦ ሂሳኮ ሂጉቺ በ1977፣ ሂናኮ ሺቡኖ ደግሞ በ2019 ታላላቅ ውድድሮችን አሸንፈዋል። ስለዚህ ማትሱያማ ወደ አሜሪካ ሲሻገር የሚጠበቅበት ነገር ግልጽ ነበር። በሄደበት ሁሉ የጃፓን ጋዜጠኞች ይከተሉት ነበር፤ እሱ ደግሞ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው።

የኳስ አመታቱን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ያወርደዋል። ከመታም በኋላ አንድ እጁን ከዱላው ላይ ለቅቆ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ተመልካቹ ኳሷ ጫካ ገባች ብሎ ሲጠብቅ ከጉድጓዱ ጥቂት እርምጃ ርቃ ታርፋለች። ጥንካሬው ከርቀት ወደ ጉድጓዱ አካባቢ የሚልካቸው የብረት ዱላ ምቶች ላይ ነው። ድክመቱ ደግሞ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አጭር ሣር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፦ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ በመግፋት ለብዙ ዓመታት ከአቻዎቹ ያነሰ ነበር። ይህ ልዩነት የሙያውን መልክ ወስኖታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2014 የሜሞሪያል ውድድርን በመለያ ጨዋታ አሸንፎ የመጀመሪያውን የፒጂኤ ቱር ድል አገኘ። በ2016 እና በ2017 የፊኒክስ ኦፕንን፣ ሁለቱንም ጊዜ በአራተኛው የመለያ ጉድጓድ ላይ፣ ወሰደ። በ2016 መጨረሻ በሻንጋይ ተከታዮቹን በሰባት ምት ቀድሞ አሸነፈ። በ2017 ጁን በዓለም የተጫዋቾች ደረጃ ሁለተኛ ሆነ፤ በኦገስት ደግሞ በኦሃዮው ፋየርስቶን የመጨረሻውን ዙር በ61 ምት (በጎልፍ ያነሰ ምት ያሸንፋል) ጨርሶ የሜዳውን ክብረ ወሰን ተጋራ። ከሳምንት በኋላ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱ በሆነው በፒጂኤ ሻምፒዮና የመጨረሻ ቀን መሪነቱን ከያዘ በኋላ በተከታታይ ጉድጓዶች ምት አባክኖ አምስተኛ ሆነ፤ እንባውንም መቆጣጠር አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ድል ራቀው። ለረጅም ጊዜ ያለ አሠልጣኝ ሲሠራ የቆየው ማትሱያማ በ2021 መጀመሪያ ከሂደኖሪ ሜዛዋ ጋር መሥራት ጀመረ። በዚያው ኤፕሪል በማስተርስ ሦስተኛ ቀን ዝናብና መብረቅ ጨዋታውን ሲያስቆመው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በስልኩ ጌም ተጫወተ፤ ተመልሶም የቀሩትን ስምንት ጉድጓዶች ከፓር (ለጉድጓዶቹ ከተመደበው የምት ብዛት) በስድስት ምት ዝቅ ብሎ ጨረሰ። የዕለቱ ውጤት 65 ነበር፤ በአራት ምትም መሪ ሆነ። ውድድሩን ያሸነፈው በእኔ እምነት በዚያ ቅዳሜ ነው። እሑድ ከፓር አንድ በላይ በሆነ 73 ጨረሰ፤ 15ኛው ጉድጓድ ላይ ኳሱ ሣሩን አልፎ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ሲያሳድደው የነበረው ዛንደር ሻውፈሌም በቀጣዩ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ባይጥል ኖሮ ነገሩ ይወሳሰብ ነበር። በመጨረሻ ዊል ዛላቶሪስን በአንድ ምት በልጦ የማስተርስ አሸናፊ የሚለብሰውን አረንጓዴ ኮት ለበሰ። በጃፓን ሰኞ ጠዋት ነበር፤ የቴሌቪዥን ተንታኞቹ በቀጥታ ሥርጭት አለቀሱ። ካዲው (ዱላዎቹን የሚሸከምለት ረዳቱ) ሾታ ሃያፉጂ ባንዲራውን ወደ 18ኛው ጉድጓድ መልሶ፣ ቆቡን አውልቆ ለሜዳው እጅ ሲነሳ የተቀረጸው ምስልም ከአሸናፊው ምስል ባልተናነሰ ዓለምን ዞረ።

በዚያው ዓመት የቶኪዮ ኦሎምፒክ የጎልፍ ውድድር የተካሄደው በ2010 ባሸነፈበት በካሱሚጋሴኪ ነበር። ለነሐስ ሜዳሊያ በሰባት ተጫዋቾች መካከል በተደረገ የመለያ ጨዋታ ተሸነፈ። በኦክቶበር ግን በጃፓን ምድር የሚካሄደውን የዞዞ ሻምፒዮና በአምስት ምት ልዩነት ወሰደ፤ በ2022 ጃንዋሪም በሃዋይ አሸነፈ።

የአንገት ሕመም ካስቸገረው ጊዜ በኋላ የ2024 ፌብሩዋሪ መጣ። በሎስ አንጀለስ ሪቪዬራ ሜዳ ስድስት ምት ወደ ኋላ ቀርቶ የጀመረውን የመጨረሻ ቀን በ62 ጨረሰ፤ ዘጠኝ በርዲ (ከፓር አንድ ያነሰ ምት)፣ አንድም ቦጊ (ከፓር አንድ የበለጠ ምት) የለም። ሁለተኛ ከወጡት አንዱ ያው ዛላቶሪስ ነበር። ይህ ዘጠነኛ ድሉ የኮሪያውን ኬ ጄ ቾይን አስበልጦት በፒጂኤ ቱር ብዙ ያሸነፈ እስያ ተወላጅ አደረገው። ከሙያው ሁሉ አንድ ቀን ምረጥ ብባል ያንን እመርጣለሁ።

በኦገስት በፓሪስ ኦሎምፒክ ነሐስ አገኘ። ወደ አሜሪካ ሲመለስ ለንደን ላይ ሌቦች የኪስ ቦርሳውን ሰረቁት፤ የካዲውና የአሠልጣኙ ፓስፖርትም አብሮ ተወሰደ። በተውሶ ካዲ ሜምፊስ ላይ ተወዳደረ፤ በመጨረሻው ቀን አምስት ምት የነበረው መሪነቱ ቢጠፋም በ17ኛውና በ18ኛው ጉድጓድ በርዲ አግብቶ አሸነፈ።

በ2025 ጃንዋሪ በሃዋይ ካፓሉዋ አራቱን ዙር ከፓር በ35 ምት ዝቅ ብሎ በ257 ሲጨርስ በፒጂኤ ቱር ታሪክ ማንም ያልደረሰበት ውጤት ሆነ፤ የቱሩ 11ኛ ድሉም ነበር። ካፓሉዋ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ነፋስ ካልነፈሰ ቁጥሮች እዚያ ዝቅ ይላሉ፤ የቀደመው የ34 ክብረ ወሰንም የተመዘገበው እዚያው ነበር። በዚህ ምክንያት ውጤቱን የሚያቃልሉ አሉ። ሆኖም በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሜዳ፣ ሁለተኛ የወጣው ኮሊን ሞሪካዋ በ32 ዝቅ ብሎ ከጀርባው በሦስት ምት ቀርቷል።