ቪክቶር ጾይ፦ ከሰል እየዛቀ የዘፈነው ሰውዬ

ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ በሕግ ያስጠይቅ ነበር። መንግሥት ያላወቀው ሮክ ባንድ ደግሞ ሥራ ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ውስጥ ብዙ ሙዚቀኛ ወይ ዘበኛ ነው፣ ወይ ቤት ማሞቂያ ምድጃ ላይ ከሰል የሚጨምር። የሮክ ዘፋኙ ቪክቶር ጾይ ስሙ ከገነነ በኋላ እንኳ «ካምቻትካ» በሚሏት ምድጃ ቤት አካፋ ይዞ ይሠራ ነበር።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1962 እዚያው ሌኒንግራድ ነው። አባቱ የኮሪያ ዝርያ ያለው መሐንዲስ፣ እናቱ ሩሲያዊት የስፖርት አስተማሪ። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተባረረና እንጨት ቀረጻ ተማረ። ባንዱን በ1981 ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ፤ በዓመቱ «ኪኖ» ተባለ። የመጀመሪያው አልበማቸው ርዕስ «45» ነው። ለምን ቢሉ፣ 45 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ። በቃ።

አልበሞቹ መጀመሪያ ሱቅ አልገቡም። አንዱ ካሴት ለሌላው እየተገለበጠ፣ ድምፁ እየደከመ፣ ከከተማ ከተማ ተዳረሰ። በ1988 የወጣው «የደም ዓይነት» ግን አገር አዳረሰ። የርዕሱ ዘፈን የደም ዓይነቱና የመለያ ቁጥሩ እጅጌው ላይ ስለተጻፈ ወታደር ነው። ያኔ የሶቪየት ጦር ይዋጋባት የነበረችውን አፍጋኒስታንን በስም አያነሳም፤ ልጁን ወደዚያ የሸኘ ሰው ግን ማንም እንዲያስረዳው አልፈለገም።

«ለውጥ» የሚለው ዘፈኑም እንደዚያው ነው። ፓርቲ የለበትም፣ መሪ የለበትም። ሲጋራ በእጅ፣ ሻይ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያ ለውጥ የሚጠይቅ ልብ። በእኔ ግምት ዕድሜ የሰጠው ይሄው ነው፤ የዘመኑን ሹም ስም ጠርቶ ቢሆን ኖሮ ከሹሙ ጋር ይረሳ ነበር። «አሳ» የተባለው የ1987 ፊልም መጨረሻ ላይ ጾይ ምግብ ቤት ለመዝፈን ሊቀጠር ይመጣል። አንዲት የቢሮ ሴትዮ የደንብ ዝርዝር ታነብለታለች። እሱ ጥሏት ይወጣና መድረክ ላይ ይሄንኑ ዘፈን ይጀምራል።

ሰኔ 1990 ሞስኮ ሉዥኒኪ ስታዲየም ጢም ብሎ ሞላለት። ነሐሴ 15 ላትቪያ ውስጥ መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭታ ሞተ። መርማሪዎች መሪ ላይ እንቅልፍ ጥሎት ነው አሉ። ዕድሜው ገና 28 ነበር። በዚያው በጋ ከጊታሪስቱ ዩሪ ካስፓርያን ጋር የቀዳው ድምፅ ቀርቶ ነበርና ጓደኞቹ ሙዚቃውን ጨርሰው ጥቁር ሽፋን ባለው አልበም አወጡት።

ሞስኮ አርባት ጎዳና አጠገብ ያለው ግድግዳ እስከዛሬ «ጾይ ሕያው ነው» በሚል ጽሑፍ የተሞላ ነው። በ2020 ደግሞ ቤላሩስ ውስጥ ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በፊት፣ ሁለት ዲጄዎች መንግሥት ባዘጋጀው ዝግጅት ላይ «ለውጥ»ን ለቀቁት። 10 ቀን ታሰሩ። ተቃዋሚው ሕዝብ ግን ዘፈኑን አደባባይ ይዞት ወጣ።