ውኃውን የቀዱት ያውቁ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ እና ለቃና ዘገሊላ በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ተመልሰዋል። ጥር 10 ቀን በከተራ አጅበናቸው ወጣን፤ በ11 በጥምቀተ ባሕሩ ዳር ቆመን ጠበል ተረጨን፤ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት በእልልታ መልሰን አስገባን። ነጠላው ታጥቦ ተሰጥቷል፣ በታቦቱ ፊት ሲነጠፍ የዋለው ምንጣፍም ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በሳምንቱ እሑድ ግን መንገዱን ሞልቶ ሲዘምር የነበረው ሕዝብ በቅዳሴው ላይ የለም። የዛሬው ትምህርት የመጣው ከዚህ ኀዘን ነው።

ሊቃውንት እንደሚያስተምሩን ጌታችን በሠርግ ቤት ውኃውን ወይን ጠጅ ያደረገበት የቃናው ተአምር የተፈጸመው ጌታችን ከተጠመቀ በኋላ 40 ቀን ጾሞ ከገዳመ ቆሮንቶስ ሲመለስ፣ የካቲት 23 ቀን ነው። አባቶቻችን የውኃውን በዓል ከውኃው በዓል ጋር አስማምተው ጥር 12 ቀን እንዲከበር ሠሩልን። ወሩም የሠርግ ወር ነውና ቃሉ በየቤታችን ደጅ ይደርሳል።

ስለ ቃና ሲሰበክ አብዝተን የምንሰማው ስለ ወይን ጠጁ እና ስለ እመቤታችን አማላጅነት ነው። ይሰበክ፤ አይጠገብም። የእኔ ዓይን ግን ዘወትር የሚያርፈው በአገልጋዮቹ ላይ ነው። የሠርጉ ባለቤት ዶኪማስ እንደሚባል ትውፊት ነግሮናል፤ የእነርሱን ስም ግን የነገረን የለም።

ወይን ጠጁ አለቀ። እመቤታችን ለልጇ «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም» አለችው፤ ወደ አገልጋዮቹም ዞራ «የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ» አለቻቸው (ዮሐ. 2፥3-5)። ከዚህ በኋላ በአራቱ ወንጌላት ውስጥ እርሷ የተናገረችው ሌላ ቃል ተጽፎ አናገኝም። እናት ለልጆቿ የምትተወው አደራ ቢሆን ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ? ፈርዖንም በረኃቡ ዘመን ወደ እርሱ የጮኸውን ሕዝብ ወደ ዮሴፍ ሲልክ የተናገረው ከዚህ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ዘፍጥረት 41፥55ን ገልጣችሁ ተመልከቱ። በዚያ ጎተራው ተከፈተ፣ በዚህ ጋኑ ተሞላ።

ጌታችንም «ጋኖቹን ውኃ ሙሉአቸው» አላቸው። እስቲ የታዘዙትን ነገር አስቡት። የጎደለው ወይን ጠጅ ነው፣ የታዘዘው ውኃ ነው። ጋኖቹም አይሁድ ለመንጻት ልማዳቸው የሚታጠቡባቸው የድንጋይ ጋኖች ናቸው እንጂ የመጠጥ ጋኖች አይደሉም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ወንጌላዊው ይህን ያለ ምክንያት እንዳልጠቀሰው ያስተምራል፤ የወይን አተላ ቀርቶባቸው ነው የሚል ተጠራጣሪ እንዳይነሣ ነው። እያንዳንዱ ጋን ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ይይዛል። የዚያ ዘመን መስፈሪያ በዛሬው ወደ 40 ሊትር ይጠጋል፤ ስለዚህ ስድስቱ ጋኖች እስኪሞሉ ከ480 እስከ 720 ሊትር ውኃ ተቀድቷል ማለት ነው። ቧንቧ በሌለበት ዘመን፣ በሠርግ ሁካታ መካከል፣ ተሸክሞ እየተመላለሱ። እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ከተቀመጡ ቆይተዋል። ከአገልጋዮቹ አንዱ «ጌታዬ፣ ያለቀው መጠጡ ነው፤ መታጠቢያ ማን ጠየቀ?» ቢል ማን ይፈርድበት ነበር?

አላሉም። «እስከ አፋቸውም ሞሉአቸው» ይላል። ይህችን ዐረፍተ ነገር እወዳታለሁ። እስከ አፉ ይሙላ ብሎ ያዘዛቸው የለም፤ «ሙሉአቸው» ነው የተባሉት። እኩሌታው ላይ ሲደርስ «ይበቃል፣ ለማን ሊታይ ነው» ቢሉ ከሠርገኛው አንድም ሰው አያውቅባቸውም ነበር። እነርሱ ግን ምን እንደሚሆን ሳይነገራቸው፣ ለምን እንደሆነም ሳይጠይቁ ጠብታ የማይጨመርበት ድረስ ሞሉት።

ከዚህም የሚከብደው ሁለተኛው ትእዛዝ ነው፦ «አሁን ቀድታችሁ ለአሳዳሪው ስጡት»። ውኃው ወይን ጠጅ የሆነው በየትኛዋ ቅጽበት እንደሆነ ወንጌላዊው አልጻፈልንም። አገልጋዮቹ የሚያውቁት በገዛ እጃቸው ያፈሰሱት ውኃ መሆኑን ነው። መጠጥ በጠፋበት ሠርግ ከመታጠቢያ ጋን ቀድቶ በግብዣው አለቃ ፊት መቆም ምን ያህል እንደሚያስፈራ በሰው ቤት ያገለገለ ሁሉ ያውቀዋል። «ሰጡትም» ይላል። አንዲት ቃል ናት፤ ሙሉ እምነታቸው ግን ያለው በእርሷ ውስጥ ነው።

እኛስ? ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወይን ጠጁን የሚፈልግ ውኃውን ግን የማይቀዳ ትውልድ ሆነናል። ተአምር አለ በተባለበት ሁሉ እንሮጣለን። ስሙ የገነነ አጥማቂ ሲመጣ ማን ላከው፣ የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ አለው ወይ ብለን ሳንጠይቅ ከሌሊት ጀምረን እንሰለፋለን። የትንቢት ቪዲዮ በስልክ ስንቀባበል እናመሻለን። በሰፈራችን አጥቢያ የማለዳው ጸሎት ኪዳን ሲደርስ ግን የሚቆሙት ጥቂት እናቶች ናቸው። የንስሐ አባታችንን የምናያቸው ለቤት ምረቃ ጠበል እንዲረጩልን ስንጠራቸው ነው። ቅዱስ ቁርባን ሲነሣማ «ስሸመግል እደርስበታለሁ» እንላለን፤ ሞት የሽምግልናን ቀጠሮ ጠብቆ እንደሚመጣ ማን ነገረን?

ሶርያዊው ንዕማን እንዲሁ ነበር። ኤልሳዕ ወጥቶ እጁን በለምጹ ላይ እንዲያወዛውዝለት ጠበቀ፤ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ሲባል ተቆጥቶ ተመለሰ። የመለሱት የገዛ ባሪያዎቹ ናቸው፤ ነቢዩ ታላቅ ነገር ቢያዝህ ኖሮ ታደርገው አልነበረምን አሉት (2 ነገ. 5፥13)። ከእኛም ብዙዎች ሰማዕትነት ብንጠየቅ እሺ እንላለን። የማለዳ ጸሎት ስንጠየቅ ነው የምንቸገረው።

ይባስ ብለን ደግሞ መርጠን እንታዘዛለን። እመቤታችን «የቀለላችሁን አድርጉ» አላለችም። ሥጋና ወተቱን ትተን ጾሙን እንጠብቃለን፤ ከወንድማችን ጋር ግን በአጥር ምክንያት ዓመታት ተኮራርፈን አንድ ቤተ መቅደስ በሁለት በር እንገባለን። «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ያለው (ማቴ. 5፥24) ሌላ ጌታ ነውን? ለሕንፃ ማሠሪያ በጉባኤ ፊት ብዙ ብር የሚሰጥ ነጋዴ የሠራተኛውን ደመወዝ ሦስት ወር ይይዛል። ከሁሉ የሚያመኝ ይህ ነው፦ በጥምቀት ዕለት የታቦቱን ፎቶ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» ብሎ ያጋራ ጣት፣ በማግስቱ የሌላውን ብሔር ተወላጅ፣ ያውም ከአንድ ጽዋ የሚቆርበውን ወንድሙን፣ ለመጻፍ በሚያሳፍር ስድብ ይሳደባል። ንጉሥ ሳኦልም ሁሉን አጥፋ ተብሎ ሳለ የተመረጠውን በግና በሬ ያስቀረው «ለእግዚአብሔር ልሠዋው» ብሎ ነበር። ሳሙኤል የመለሰለትን ታውቁታላችሁ፦ «መታዘዝ ከመሥዋዕት… ይበልጣል» (1 ሳሙ. 15፥22)። በዕለቱ ያጣው መንግሥቱን ነው።

የግብፁን መነኩሴ የአባ ዮሐንስ ሐጺርን ገድል ጥቅምት 20 ቀን የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ ከሚነበብበት ከስንክሳር ስንሰማ እናለቅሳለን። በገዳመ አስቄጥስ ሳለ መምህሩ አባ ባሞይ ደረቅ እንጨት ተክለው «እስኪያፈራ ድረስ ውኃ አጠጣ» አሉት። ውኃው ሩቅ ነበር። ደረቅ እንጨት እንደማያፈራ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ዮሐንስ ግን ሳይጠይቅ ቀዳ። በሦስተኛው ዓመት እንጨቱ ለምልሞ አፈራ፤ አረጋዊውም ፍሬውን ለአባቶች ይዘው ሄደው «የመታዘዝን ፍሬ እንኩ ብሉ» አሏቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያየው ግን ደረቅ እንጨት ብቻ ነበር። ብዙዎቻችን በሦስተኛው ሳምንት ሌላ መምህር ፈልገን እንሄዳለን።

ይህን ያህል ተግሣጽ ይበቃል። አሁን የምናገረው ውኃ ሲቀዱ ለኖሩት ነው፤ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል እንዳሉ አውቃለሁና።

ልጅሽ ከሱስ እንዲመለስ ለዓመታት ውዳሴ ማርያም ስትደግሚ የኖርሽ እናት፣ ባልሽ ሲዘብትብሽ ማዕድ የምትባርኪ እኅት፣ ጉቦ አልበላም በማለትህ ዕድገት ያመለጠህ ወንድም፤ ጋኑ የማይሞላ መስሏችኋል። በዐረብ ሀገር በሰው ቤት የምታገለግሉት ልጆቻችን ደግሞ በቃና ከነበሩት ጋር በሥራም ትገናኛላችሁ። ቤተ ክርስቲያን የለም፣ እሑድም የለም፣ ማተባችሁን በልብሳችሁ ሥር ትሸሽጋላችሁ፤ ሌሊት ሁሉም ከተኛ በኋላ በጠባቧ ክፍል በሹክሹክታ «አባታችን ሆይ» ትላላችሁ። ለእኛ ማኅሌትና ቅዳሴ ሞልቶ ሳለ እየተኛን፣ እናንተ በሹክሹክታ የምትጨምሯት ጭልፋ በጌታ ፊት ምን ያህል እንደምትከብድ ብታውቁ አታለቅሱም ነበር። ወይን ጠጁን መቼ እንደሚያደርገው እርሱ ያውቃል፤ እናቱ ራሷ ስትለምነው «ጊዜዬ ገና አልደረሰም» እንዳላት አትርሱ። አልደረሰም አለ እንጂ አላደርግም አላለም፤ እርሷም ይህን ሰምታ ነው ወደ አገልጋዮቹ የዞረችው።

ቅዱስ ዮሐንስ በቅንፍ እንዳለ ያህል ጣል ያደረጋት አንዲት ነገር አለች። አሳዳሪው የወይን ጠጅ የሆነውን ውኃ ቀመሰ፤ ከወዴት እንደመጣ አላወቀም፤ «ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር» (2፥9)። አሳዳሪው ሙሽራውን ጠርቶ መልካሙን ወይን ጠጅ እስከ አሁን አቆይተሃል ብሎ አመሰገነው። ሙሽራው ያላደረገውን ተመሰገነ፣ እንግዶቹ ጠጡ፣ አሳዳሪው ተደነቀ። የቃናን ምሥጢር ያወቁት ግን ልብሳቸው በውኃ የራሰው ናቸው። በከፍታው ወንበር የተቀመጠው አዋቂ ያላገኘውን እነርሱ አገኙት። ከሥራቸው በፊት አላወቁም፤ ቀድተው ነው ያወቁት። «እግዚአብሔርን እንዴት ላውቀው እችላለሁ?» እያሉ በውስጥ መስመር የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ፤ መጻሕፍት ጠቁሙን ይላሉ፤ እጠቁማለሁም። ነገር ግን የአንድ ሰሙን ኪዳን ሳያቋርጡ ቢቆሙ፣ የበደላቸውን አንድ ሰው ሄደው ይቅር ቢሉ፣ ከዚያ በኋላ ለሚጠይቁኝ ጥያቄ የእኔ መልስ ባያስፈልጋቸው አይደንቀኝም።

ጾመ ነነዌ ደርሷል፤ ሰኞ ገብቶ ሦስት ቀን ይጾማል፣ ከዚያም ዐቢይ ጾም ይከተላል። በነነዌ ሰሞን የምናነበው ትንቢተ ዮናስ እንኳ ነፋሱ፣ ዓሣ አንበሪው፣ ቅሉና ትሉ ሲታዘዙ ነቢዩ ብቻ ወደ ተርሴስ እንደሸሸ ይነግረናል። ስለዚህ ሰኞ ከመግባቱ በፊት ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ። ስልካቸው ከጠፋባችሁ ወደ አጥቢያችሁ ሂዱና ጠይቁ። የተኮራረፋችሁት ሰው ቤት በር ላይ ቁሙ፤ ቢከፍትም ባይከፍትም እናንተ የታዘዛችሁት መሄድ ነው። የሠራተኛ ገንዘብ በእጃችሁ ያለ፣ ጀምበር ሳይጠልቅ ክፈሉ። ከዚያ ጾሙን በሰላም እንያዝ።

የእመቤታችን ምልጃ፣ የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ፣ የአባ ዮሐንስ ሐጺር በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።