ሥራ የሌለው ሁሉ «ሥራ አጥ» ተብሎ አይቆጠርም

ይቺ ነገር ደጋግማ ስለምታጨቃጭቀን ላስረዳ። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ እየፈለገ ያለና ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ ሰው ነው። በሳምንቱ ለክፍያ 1 ሰዓት ብቻ የሠራም «ሥራ ያለው» ይባላል፣ እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

10 ሰው እንውሰድ። 6ቱ ይሠራሉ፣ 2ቱ ይፈልጋሉ፣ 2ቱ ሥራ የማይፈልጉ ተማሪዎች ናቸው። ተማሪዎቹ ከስሌቱ ስለሚወጡ የሥራ አጥነቱ መጠን 2 ለ8 ተካፍሎ 25 በመቶ ይሆናል እንጂ 20 አይደለም። አሁን ከፈላጊዎቹ አንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ሰልችቶት ቢተወው፣ 1 ለ7 ይሆንና ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። አንድም ሰው ሳይቀጠር!

ስሌቱ የትም ያው ነው። የሚለያየው «መፈለግ» የሚለው መስፈርት ነው። በኢትዮጵያ ጥናቶች ተስፋ ቆርጦ መፈለግ ያቆመ፣ ግን ሥራ ቢገኝ የሚሠራ ሰውም ሥራ አጥ ተብሎ ሲቆጠር ቆይቷል።