«ክሬዲት ለባለቤቱ» ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የፋሽን ፔጅ እኔ ያነሳሁትን ፎቶ ለጠፈ። የመልስ ቀሚስ ነው። ሙሽራዋ ደረጃ ላይ ቆማለች፤ ጥለቱ ከኋላዋ ደረጃውን ተከትሎ ይወርዳል። ያችን ብርሃን ለማግኘት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ጠብቀናል፤ የሙሽራዋ እናት ሁለት ጊዜ ተቆጥተውናል። ፎቶው ግርጌ ላይ ስሜ ነበር። ፔጁ ግርጌውን ቆርጦ ጣለው። ከስሜ ጋር የጥለቱም ጫፍ አብሮ ሄደ። ከሥሩ ግን «ክሬዲት ለባለቤቱ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከነልቡ፣ ከነአበባው።

ባለቤቱማ እኔ ነኝ። (ነኝ ወይ? እመለስበታለሁ።)

ኮሜንት ላይ ገብቼ በትህትና ጻፍኩ። ፔጁ ዝም አለ። አንድ ተከታያቸው ግን ቶሎ መለሰልኝ። «ክሬዲት ሰጥተውሻል እኮ! በነጻ ማስታወቂያ ሠሩልሽ፤ ማመስገን ሲገባሽ ትነጫነጪያለሽ።» ላይኩ ዘነበለት። አንቺ ማለቱን ትቼለታለሁ፤ ኮሜንት ላይ አንቱ የተባለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ማመስገን የምትለዋን ግን መተው አልቻልኩም።

ክሬዲት ማለት ሥራውን ማን እንደሠራው መናገር ነው። በቃ። ፈቃድ አይደለም። ክፍያም አይደለም። «ሳልጠይቅ ወሰድኩ፣ ይቅርታ» ማለትም አይደለም።

በቀሚስ ላስረዳ፤ ውሎዬ ከቀሚስ ጋር ነው። እናንተ በሌላችሁበት የአክስታችሁ ልጅ ቤት መጣች እንበል። ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ለፋሲካ ያሰፋችሁትን፣ አንድ ቀን እንኳን ያልለበሳችሁትን የሐበሻ ቀሚስ አወረደች። ለብሳው ሰርግ ሄደች። «ውይ ሲያምር! የማን ነው?» ሲሏት አትዋሽም፤ ስማችሁን ትጠራለች። ሐቀኛ ልጅ ናት። ግን ማን ፈቀደላት? ስማችሁን መጥራቷ ከውሸታምነት አዳናት እንጂ ቀሚሱን የተዋሰችው አያደርጋትም።

ይህች እንግዲህ ደህናዋ የአክስት ልጅ ናት። የእኛዎቹ ፔጆች ስም እንኳን አይጠሩም። «የማን ነው?» ሲባሉ «የባለቤቱ ነው» ይላሉ። የባለቤቱ ያልሆነ ቀሚስ አለ እንዴ?

ይቀጥላል። ቀሚሱ ሲረዝምባት ጫፉን በመቀስ ትቆርጠዋለች፤ ያ ክሮፕ ነው። ነጩን ሸማ ሻይ ቀለም ትነክረዋለች፤ ያ ፊልተር ነው። ሰርጉ ላይ ያየቻት ሴት «ለእኔም እንደዚሁ አሰፊልኝ» ስትላት ደግሞ ቀብድ ተቀብላ ትመለሳለች። ያ የቴሌግራም ቻናል ነው።

ቴሌግራሙን እንደዋዛ ማለፍ አልችልም። የዲዛይነር ፎቶ ይወሰዳል፣ «በኦርደር እንሠራለን፣ ያሉበት እናደርሳለን» ይባልበታል። ገዢዋ ቀብድ ትከፍላለች። የሚደርሳት ግን ሌላ ነው፤ በእጅ የተጠለፈ የመሰላት ጥለት ጨርቁ ላይ የታተመ ሆኖ ታገኘዋለች። ከዚያ ወዴት ትሄዳለች? ቻናሉ ብሎክ አድርጓታል። ፎቶው ላይ ታግ የተደረገችው ዲዛይነር ግን አለች። አብሬያት የምሠራ አንዲት የሽሮ ሜዳ ዲዛይነር ያልሰፋችውን ቀሚስ በተመለከተ በስልክ ስትሰደብ አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። እንግዲህ እዚህ ላይ ክሬዲቷ ምን ጠቀመቻት? ጭራሽ ጎዳቻት። ስሟ ባይጠራ ኖሮ ስድቡም አይደርሳትም ነበር። ያልፈቀዳችሁት ቦታ ላይ ስማችሁ ሲለጠፍ ተመልካቹ የፈቀዳችሁ ይመስለዋል።

ኮሜንት ጸሐፊው ሁለተኛ መልስም ነበረው፤ እሱ ትንሽ ይሻላል። «ቀሚስ ሲወሰድ ቁም ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። ፎቶሽ ግን አሁንም ስልክሽ ላይ አለ። ምን ጎደለብሽ?» አለኝ። (ስልኬ ላይ አይደለም። ያነሳሁት በካሜራ ነው፣ ዋናው ፋይል ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። አንድ ብቻ የምትይዙ ፎቶ አንሺዎች፣ እባካችሁ።)

እውነት ነው፣ ቀሚሱ እዚህ ጋ ትንሽ ይጠበኛል። ስለዚህ ልለውጠው። የአክስታችሁ ልጅ ያወረደችው የፋሲካውን ሳይሆን የመልሳችሁን ቀሚስ ነው። ከመልሳችሁ በፊት በነበረው ሳምንት ለብሳው ታየችና ንጹህ አድርጋ መለሰችው። ምን ጎደለ? ጨርቁ አለ፣ ጥለቱ አለ። የጎደለውን የመልስ ቀሚስ አሰፍታ የምታውቅ ሁሉ ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ለብሶ መታየት የሚባለው ነገር ተወስዷል። የፎቶም ገበያ እንዲሁ ነው። አንድ የልብስ ድርጅት ለበዓል ማስታወቂያው ፎቶ ሲገዛኝ የሚከፍለው ለፋይሉ ብቻ አይደለም። ሌላ ቦታ እንዳይታይ ነው የሚከፍለው። ስምምነቱን ጨርሰን ስናበቃ ያው ፎቶ የሌላ ሱቅ ቀሚስ ሲሸጥበት ቢያይ ስልክ ይደውልልኛል። ስልኩ ደስ አይልም።

ወደ ሕጉ ልግባ፤ አጭር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። አንቀጽ 7 የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ማባዛት፣ ማሰራጨት፣ ለሕዝብ ማሳየት፣ ወደ ሌላ መልክ መቀየር እዚያ አሉ። አንቀጽ 8 የሞራል መብት ነው፤ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት፣ ከተፈለገም ስምን መደበቅ፣ ሥራው ክብርን በሚነካ መንገድ ሲቆራረጥ መቃወም። ክሬዲት የምትኖረው ስምንት ውስጥ ነው። ኮሜንት ጸሐፊው የሚለኝ ስምንትን ስላከበሩ ሰባት ቀርቷል ነው። ስሜን ቆርጠው ስለጣሉ ደግሞ ስምንትንም አላከበሩም።

እግረ መንገዴን፦ የፎቶ የኢኮኖሚ መብት የሚቆየው ፎቶው ከተነሳ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ለመጽሐፍ ደራሲ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይሰጠዋል። እኛ ለምን እንዳነስን ሌላ ቀን አማርራለሁ።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ሁላችንም «ምንጭ ጥቀሱ» እየተባልን ነው የተማርነው። የምረቃ ጽሑፍ ላይ ምንጭ ያልጠቀሰ ይወድቃል፣ የጠቀሰ ያልፋል። ስለዚህ ምንጭ መጥቀስ ሁሉን የሚያነጻ ጠበል መሰለን። የሌላውን ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብና የሌላውን ሥራ ሳይፈቀድ መጠቀም ግን ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። የመጀመሪያውን ክሬዲት ያድነዋል። ሁለተኛውን አይነካውም። አዋጁ ራሱ ከሌላ ሰው ሥራ መጥቀስን ሲፈቅድ የባለሥራው ስምና ምንጩ ይገለጽ ይላል። ግን የተፈቀደው ስሙ ስለተገለጸ አይደለም። ቆንጥሮ በልኩ መጥቀስ ስለሆነ ነው የተፈቀደው፤ ስሙ በዚያ ላይ የሚጨመር ግዴታ ነው። እኛ ግዴታውን ይዘን ልኩን ጣልነው። ሙሉውን ፎቶ ወስዶ «ጠቀስኩ» ማለት መጽሐፉን ሙሉ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሽፋኑ ላይ የደራሲውን ስም እንደመጻፍ ነው።

አሜሪካኖች በአንድ ፎቶ ለዓመታት ተካሰዋል። ሊን ጎልድስሚዝ የተባለች ፎቶግራፈር ዘፋኙን ፕሪንስን እ.ኤ.አ. በ1981 አነሳችው። በ1984 ቫኒቲ ፌር መጽሔት ፎቶውን ለሥዕል መነሻ ሊያደርገው 400 ዶላር ከፈላት። ስሟ ሊጠቀስ፣ ሥዕሉም አንድ ጊዜ ብቻ ሊወጣ ተስማሙ። ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል ነበር። ዋርሆል ከዚያው ፎቶ ተነስቶ ሌሎች ሥዕሎችም ሠራ። ፕሪንስ በ2016 ሲሞት የመጽሔቱ አሳታሚ ኮንዴ ናስት ከእነዚያ አንዱን ለሽፋን ወሰደ፤ የሠዓሊውን ሥራዎች ለሚያስተዳድረው ለዋርሆል ፋውንዴሽን 10 ሺህ ዶላር ያህል ከፈለ። ለጎልድስሚዝ ገንዘብም የለ፣ ስምም የለ። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 2 ለእሷ ፈረደላት። ፍርዱ ጠባብ ነው፤ ያንን አንድ ሥዕል ለመጽሔት ማከራየቱን ብቻ የተመለከተ ስለሆነ ለሁሉ ነገር አትጥቀሱት። እኔ የምወዳት የ1984ቷን ስምምነት ነው። ገንዘቡ ለብቻ፣ ስሙ ለብቻ፣ «አንድ ጊዜ» የምትለዋ ለብቻ። ያኔ ኢንስታግራም የለም፣ ሰዎቹ ግን ልዩነቱን ያውቁት ነበር።

ሌላው የሚወረወርብኝ የጂጂ ሃዲድ ነገር ነው። ሞዴሏ ፓፓራዚ (ዝነኞችን እየተከታተለ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ) ያነሳትን የራሷን ፎቶ በ2018 ኢንስታግራም ላይ ለጠፈች፣ የፎቶው ድርጅት በ2019 ከሰሳት። ጠበቆቿ «ፈገግታውና አቋቋሙ የእሷ ነው» ብለው ተከራከሩ። ክሱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ «ፎቶ ላይ ያለ ሰው መለጠፍ ይችላል ተብሎ ተፈርዷል» የሚለኝ አይጠፋም። አልተፈረደም። ክሱ የተዘጋው ድርጅቱ የፎቶውን መብት በጊዜው ስላላስመዘገበ ነው። ስለ ፈገግታው ፍርድ ቤቱ አልወሰነም።

በነገራችን ላይ በዚያው አገር ስምን ከፎቶ ላይ አውቆ መቁረጥ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ2,500 እስከ 25,000 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። ይህን የምናገረው አንዳንዶቹ የሐበሻ ልብስ ፔጆች የሚመሩት ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳታጣምሙብኝ፦ ሼር ያደረገ ሁሉ ሌባ ነው አላልኩም። ኢንስታግራም ላይ ስንለጥፍ ባለቤትነታችን አይወሰድም፤ ሥራው መድረኩ ላይ እንዲዘዋወር ግን ሰፊ ፈቃድ እንሰጣለን። ስለዚህ ፖስቴን በራሱ በሼር ምልክቱ ስቶሪያችሁ ላይ ብታደርጉት እሰየው። ያየው ሰው ነክቶት ወደ እኔ ይመጣል፤ ላጠፋው ብፈልግም ከእናንተም ጋ ይጠፋል። በእኛው ምሳሌ ቤቴ መጥታችሁ ቀሚሱን እዚያው ማየት ማለት ነው። ስክሪንሾት ግን ቀሚሱን ይዞ መውጣት ነው። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ እኔም አላውቅ፣ እናንተም አታውቁ።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ባለቤቱ እኔ ነኝ ወይ? አዋጁ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ ያዘዘው ሰው ነው ይላል። ሙሽራዋ ናት ያዘዘችኝ። ውላችን ላይ ሁለታችንም መጠቀም እንደምንችል ስለጻፍን እንጂ የኢኮኖሚ መብቱ የእሷ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። ስሜ የመጠራቱ ነገር ግን አሁንም የእኔ ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺዎች፣ በቃል የምትሠሩ ሁሉ፣ አንድ ገጽ ውል ጻፉ። «ዘመድ ናት፣ ምን ውል ያስፈልጋል» አትበሉ፤ የእኔ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዘመድ ነው።

ሙሽራዋም የራሷ መብት አላት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ላይ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ዝነኛ ሰው፣ ባለሥልጣን፣ በአደባባይ የተደረገ በዓል የመሳሰሉት። የልጅቷ መልስ ግን የተደረገው በአባቷ ግቢ ነው። እንግዲህ ፔጁ የሚያስፈልገው ፈቃድ ሁለት ነበር። ያገኘው ዜሮ ነው። ቀሚሱን የሰፋችው ዲዛይነር፣ ሜካፑን የሠራችው ልጅ፣ ሹሩባውን የሠራችው እናት ደግሞ በ«ባለቤቱ» ውስጥ ተጠቅልለው ቀርተዋል።

መጠየቅ ከባድ ነው እንዳይባል፣ ባለፈው ወር አንዲት ልጅ በኢንቦክስ የላከችልኝ ይኸው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የደረጃውን ፎቶ ስለ ጥለት በምጽፈው ላይ አንድ ጊዜ መጠቀም ፈልጌ ነበር። አልቆርጠውም። ስምዎን እንዴት ልጻፈው?» አራት አጭር ዓረፍተ ነገር። አንቱ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ሙሽራዋን ጠይቄ ባንድ ሰዓት ውስጥ እሺ አልኳት፣ በትልቅ መጠን ላኩላት፣ ገንዘብ አልጠየቅኩም። ለሚሸጥበት ሰው ዋጋ አለው፤ ለሚጽፍበት ብዙ ጊዜ እሺ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ፔጁ በመጨረሻ መልስ ሰጠኝ። «ይቅርታ እህታችን፣ አስተካክለናል» ይላል። ገብቼ አየሁት። «ክሬዲት ለባለቤቱ» የሚለው ተሰርዟል። «ክሬዲት ለባለቤቷ» ሆኗል።